ከከተማ አውቶቡስነት ወደ ተንቀሳቃሽ ቤትነት

አንድ መኪና አረጀ የሚባለው መቼ ነው? ብረቱ ሲዝግ ነውን? ሞተሩ ሲደክም ነውን? ወይስ የንብረት መዝገቡ ዕድሜው አብቅቷል ሲል ነው? በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ለብዙ ዓመታት መንገደኛ ሲያመላልሱ ኖረው፣ በሐራጅ ተሸጠው፣ በግለሰቦች እጅ መኖሪያ ቤት የሆኑት አውቶቡሶች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። መልሱም ከአውቶቡሶቹ አልፎ አሮጌ መሣሪያን ለሌላ አገልግሎት ማዋል ለሚፈልግ መሐንዲስ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሐሳቡ አመጣጥ

አውቶቡስን መኖሪያ የማድረግ ሐሳብ በዕድሜው ከአውቶቡሱ ከራሱ እምብዛም አይርቅም። በ1915 የአንድ አውቶቡስ ሠሪ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረው ሮላንድ ኮንክሊን «ጂፕሲ ቫን» የተባለ፣ 8 ቶን ያህል የሚመዝን መኪና አሠርቶ ቤተሰቡን ከኒው ዮርክ ግዛት እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ይዞ ተጉዟል። መኪናው ማድ ቤት፣ አልጋዎችና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበረው። ይሁን እንጂ ይህ ባለጸጋ በትእዛዝ ያሠራው አዲስ ዕቃ እንጂ ከአሮጌ የተለወጠ አልነበረም።

አሮጌውን የመለወጥ ልማድ ጎልቶ የታየው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1964 ደራሲው ኬን ኬሲና ጓደኞቹ አሜሪካን ያቋረጡበት አውቶቡስ በ1939 የተሠራ የተማሪዎች ማመላለሻ ነበር። በ1970 ከሳን ፍራንሲስኮ የተነሡት የስቲቨን ጋስኪን ተከታዮችም በአሮጌ አውቶቡሶች ተጉዘው በ1971 ቴነሲ ውስጥ ሰፈሩ፤ አውቶቡሶቹም ለጊዜው ቤት ሆኗቸው። የዊኔባጎ ኩባንያ በ1966 ተንቀሳቃሽ ቤት በፋብሪካ ማምረት ከጀመረ በኋላ እንኳ በእጅ መለወጡ አልቀረም። ፋብሪካዎቹ በአብዛኛው በቀላል የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ሲሠሩ፣ የከተማው አውቶቡስ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሙሉ ሕዝብ እንዲሸከም የታነጸ ነበርና።

2. የ1959ኙ አውቶቡስ

ከተለወጡት የከተማ አውቶቡሶች መካከል ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚያስተምረው ጄኔራል ሞተርስ በ1959 ያወጣው «ኒው ሉክ»፣ ማለትም «አዲስ መልክ» የተባለው ነው። ይህ አውቶቡስ በአሜሪካ እስከ 1977፣ በካናዳ ደግሞ እስከ 1986 ተመርቷል፤ ጠቅላላ ቁጥሩም ከ44 ሺህ በላይ ነው። በጎባጣው የፊት መስታወቱ ምክንያት ሕዝቡ ከዓሣ ማኖሪያ ብርጭቆ ጋር አመሳስሎ ቅጽል ስም አውጥቶለታል።

የዚህ አውቶቡስ ዋና ምሥጢር የተለየ ሻንሲ የሌለው መሆኑ ነው። በአገራችን መንገዶች የሚታወቀው ቅጥቅጥ አውቶቡስ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራ በመሆኑ ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው ሻንሲው ነው። በኒው ሉክ ግን ጎኑ፣ ወለሉና ጣሪያው በአንድነት እንደ አንድ ትልቅ ቢም ይሠራሉ። ከመስኮቱ በታች በሪቬት የተያያዘው የአሉሚኒየም ልባስ ለውበት ብቻ የተለጠፈ አይደለም፤ በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል ያለውን የመቁረጥ ኃይል የሚያስተላልፈው እርሱ ነው።

ሞተሩ ከኋላ በአግድም የተቀመጠ፣ ባለ ሁለት ምት ናፍጣ ሞተር ነው። በብዛት የተገጠመው 6ቪ-71 ስድስት ሲሊንደሮች ሲኖሩት፣ ጠቅላላ ይዘቱ 7 ሊትር ያህል ነው። የ71 ቤተሰብ ሞተሮች ከ1938 ጀምሮ በጭነት መኪና፣ በጀልባና በኤሌክትሪክ ማመንጫ ላይ ሲሠሩ በመቆየታቸው መለዋወጫቸውም ሆነ ጠጋኛቸው በቀላሉ ይገኝ ነበር። ይህም ለአውቶቡሱ ሁለተኛ ሕይወት ትልቅ ድጋፍ ሆኗል።

3. ደኅናው አውቶቡስ ለምን ተጣለ?

ለዚህ መልሱ የሚገኘው ከጋራዡ ይልቅ በሒሳብ ክፍል ነው። በ1964 የወጣው የአሜሪካ የከተማ ትራንስፖርት ሕግ ለአውቶቡስና ለመሳሰሉት መግዣ ከሚያስፈልገው ገንዘብ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ከፌዴራሉ መንግሥት እንዲሰጥ ፈቀደ። በ1973 ድርሻው ወደ 80 በመቶ ከፍ አለ። ለሥራ ማስኬጃ የሚሆን እርዳታ ግን የተፈቀደው በ1974 ነው፤ ያም ቢሆን በልግስናው ከመግዣው አይስተካከልም። ስለዚህ በዚያ ዘመን አንድ ከተማ አሮጌውን አውቶቡስ ቢጠግን አብዛኛውን ወጪ ከራሱ ኪስ ያወጣ ነበር፤ አዲስ ቢገዛ ግን ከአንዱ ዶላር ሃያ ሳንቲም ብቻ ይከፍል ነበር። በኋላ የተደነገገው የትልቅ አውቶቡስ ዝቅተኛ የአገልግሎት ዘመን 12 ዓመት ወይም 500,000 ማይል፣ ማለትም 800,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝቅተኛ ወሰን ሆኖ የተጻፈው ቁጥር በብዙ ዘንድ እንደ ዕድሜ መጨረሻ መቆጠሩ አያስደንቅም።

በዚህ ዓይነት ወደ ሐራጅ የወጣው አውቶቡስ ለከተማው አሮጌ ቢሆንም፣ በዓመት ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዳ ሰው ገና ብዙ አቅም የቀረው ነበር። ዕድሜውን የወሰነው የተመደበበት ሥራ እንጂ ብረቱ ብቻ አልነበረም። ሆኖም ሥራው ሲለወጥ ጭነቱም ይለወጣል፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

4. የተለወጠው ጭነት

53 መቀመጫ ያለው አውቶቡስ እያንዳንዱ ሰው 68 ኪሎ ይመዝናል ቢባል ከ3,600 ኪሎ በላይ ይሸከማል፤ የቆሙት ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣል። መቀመጫው ተነቅሎ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውኃ ታንክ ሲገቡ ጠቅላላው ክብደት ከዚህ ላይበልጥ ይችላል። ልዩነቱ ያለው በአቀማመጡ ነው። መንገደኛ በወለሉ ሁሉ ይበተናል፤ የቤት ዕቃ ግን በአንድ ቦታ ይከማቻል። 400 ሊትር ውኃ 400 ኪሎ ነው፤ ታንኩ በአንድ ጎን በጎማዎቹ መስመር ላይ ቢቀመጥ ያ ክብደት ሁሉ በዚያው ወገን ጎማዎች ላይ ያርፋል።

ባሌስትራ ያለው መኪና ቢሆን ኖሮ ወደ ጎን በማዘንበል ባለቤቱን ያስጠነቅቅ ነበር። ኒው ሉክ ግን የቆመው በአየር ከረጢቶች ላይ ነው። ቁመት የሚያስተካክሉት ቫልቮች ወደ ከበደው ወገን ተጨማሪ አየር እየላኩ መኪናውን ቀጥ ያደርጉታል። ቁመቱ ይስተካከላል፤ የጎማዎቹ ጭነት ግን እንዳለ ይቀራል። ለዓይን ደኅና የሚመስለው ቤት የአንዱን ጎን ጎማና ፍሬን ከልኩ በላይ ሊያደክም ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሥራው ከመጠናቀቁ በፊት የየጎማውን ጭነት በሚዛን ለይቶ መለካት ነው።

5. በልባሱ ላይ የሚያርፍ መጋዝ

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ልባሱን መቁረጥ ነው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ከወለሉ በታች የሻንጣ ማስቀመጫ አለው፤ የከተማው አውቶቡስ ግን የለውም። ስለዚህ ለዋጩ ለማመንጫና ለባትሪ ቦታ ሲፈልግ ጎኑን ለመቅደድ ይፈተናል። ጥቂት ቀዳዳ በአንድ ቀን ጉዳቷን አታሳይም፤ በማዕዘኖቿ ላይ የሚከማቸው ውጥረት ግን በመንገዱ መናወጥ እየተደጋገመ ስንጥቅ ይፈጥራል። መቁረጥ ግድ ከሆነ ማዕዘኑን ማክበብ፣ ዙሪያውን በፍሬም ማጠናከርና የተቋረጠውን የኃይል መንገድ በሌላ መተካት ያስፈልጋል። ማጠናከሪያው ከብረት ከሆነም ከአሉሚኒየሙ ጋር በቀጥታ እንዳይገናኝ በመሐል መለያ ይደረግለታል፤ አለዚያ እርጥበትና የመንገድ ጨው በሁለቱ መካከል የኤሌክትሮ-ኬሚካል መበላት ያስከትላሉ።

ሌሎችም የተለወጠው ሥራ የሚያስከትላቸው ጣጣዎች አሉ። ለአጫጭር ጉዞ የተሰላው የአክስል ምጣኔ በአውራ ጎዳና ላይ ሞተሩን ያለ ዕረፍት ያስጮኸዋል። በረጅም ዳገት የካምቢዮው ዘይት በብርቱ ይሞቃል፤ በቁልቁለትም ፍሬኑ ከከተማ ውስጥ ይልቅ ይፈተናል። የምድጃው ፕሮፔን ጋዝ ከአየር የሚከብድ በመሆኑ ካፈተለከ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ የሲሊንደሩ ማስቀመጫ ከታች በኩል ወደ ውጭ መተንፈሻ ሊኖረው ይገባል። ለቁም ሣጥን ሲባል የሚደፈነው መስኮትም በመጀመሪያው ንድፍ የአደጋ ጊዜ መውጫ ሆኖ የተሠራ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። በአልጋው በኩል ሌላ መውጫ ሳይዘጋጅ መስኮቱን መድፈን፣ የተኙትን ሰዎች በአንድ በር ላይ ብቻ ተማምኖ መዝጋት ነው።

6. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ እንደሚታየው መዝገብ ያበቃለትን መኪና ጤናማ አካሉ ሊያኖረው ይችላል፤ ጤናማውን አካል ደግሞ ያልታሰበበት መጋዝ በአንድ ቀን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ አሮጌ መሣሪያን ለአዲስ አገልግሎት የሚያውል ባለሙያ በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን መመርመር አለበት፤ ይኸውም መሣሪያው የተጣለው በምን ምክንያት እንደሆነ፣ ጭነቱ በየትኛው አካሉ እንደሚተላለፍ፣ እንዲሁም አዲሱ ሥራ ከቀድሞው በምን እንደሚለይ ነው። አሮጌ አውቶቡሶቻቸውን በመልካም ሁኔታ ለማኖር የቻሉትም ከመቁረጣቸው በፊት የመጀመሪያውን ነዳፊ ሐሳብ ለመረዳት ጊዜ የሰጡ ሰዎች ናቸው።