በሽታ በቅጥር ውስጥ፦ ከቁስቋም ሕሙማን እስከ ፋሲል ግቢ አንበሶች

ጀምስ ብሩስ በየካቲት ወር 1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት ውስጥ ገብቶ ነበር። ብሩስ በሙያው ሐኪም አልነበረም። በጉዞ መጽሐፉ እንደሚተርከው ግን ሕሙማኑን እንዲረዳ በተጠራ ጊዜ በሮቹንና መስኮቶቹን ሁሉ አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሞቀ ውኃና በሆምጣጤም አሳጠበ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ከበሽታው ተረፈ። ጢሱ ቫይረሱን ገደለው ለማለት አልደፍርም፤ የመስኮቶቹ መከፈት ግን ዛሬም ለታካሚዎቻችን የምንመክረው ነው።

በተማሪነቴ ከቁስቋም ፍርስራሽ ወደ ፋሲል ግቢ ስወርድ የአንበሶቹን ቤት ሳላይ አላልፍም ነበር። እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት መገባደጃ ድረስ አንበሶች ይኖሩበት የነበረው ይህ ቤት ዛሬ ባዶ ነው። የዱር አንበሳ ከኩሱ ርቆ፣ ጥላና ውኃ እየለወጠ ያድራል። የታሰረው ግን በአንድ ወለል ላይ ይበላል፣ ይጸዳዳል፣ ይተኛል፤ የአንጀት ትላትል እንቁላልም ከወለሉ ወደ አፉ ይመላለሳል። የሚጣልለት ጥሬ ሥጋ ከታመመ ከብት የመጣ እንደሆነም የከብት ነቀርሳ አብሮ ይገባል። በደቡብ አፍሪካ የክሩገር ፓርክ አንበሶች፣ ያልታሰሩ ቢሆኑም፣ በነቀርሳ የተያዙት የታመሙ ጎሾችን በመብላት ነው።

ይህን ጉዳይ በሥርዓት ካጠኑት መካከል የፊላደልፊያ የእንስሳት ማቆያ ቀዳሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በተቋቋመው ቤተ ሙከራው የሞቱ እንስሳትን በድን እየከፈቱ መመርመር ተጀመረ፤ የሥነ ደዌ ሐኪሙ ኸርበርት ፎክስም ውጤቱን በ1923 በመጽሐፍ አሳተመ። በጦጣዎችና በዝንጀሮዎች ሞት ነቀርሳ ጎልቶ በመታየቱ አዲስ መጦች በቱበርክሊን ይመረመሩ ጀመር።

ሁሉም ሞት ግን ከተሕዋስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ቦታና ገንዘብ በመታጣቱ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ እንደነበር የግቢው ኃላፊ ራሳቸው ለጋዜጠኞች ገልጸዋል። እንዲህ ያለውን የሞት ምክንያት ማይክሮስኮፕ አያሳየውም።

ቅጥር ሲባልም የግድ የብረት ፍርግርግ አይደለም። በሰሜን ተራሮች የቀረው ቀይ ቀበሮ ከታች ሽቅብ በሚገፋው እርሻ ተከቧል፤ የእረኞች ውሾችም ከመንጋው ጋር አብረው ይወጣሉ። የባሌ ቀይ ቀበሮዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስተምፐር በተባለው የውሾች ቫይረስ አልቀዋል። በሴሬንጌቲ በ1994 ከአንበሶቹ ሲሶ ያህሉን የጨረሰውም ይኸው ዲስተምፐር ነበር።

ከደባርቅ ወይም ከጃን አሞራ በውሻ የተነከሰ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ቁስሉን አጥበን ክትባቱን እናስጀምረዋለን። ያ ውሻ ከዚያ በፊት በየትኛው ተራራ እንደዋለ፣ ሌላ ምን እንደነከሰ የሚጻፍበት ቦታ ግን እስካሁን በሠራሁባቸው ካርዶች ላይ አላየሁም።