የጆሴፍ ግሪኔል የመስክ ደብተሮች



የዛሬው ንግግሬ የምርምሩን ዋነኛ ፍሬ ሳያይ ስላለፈ አንድ ሊቅ ነው። ጆሴፍ ግሪኔል እ.ኤ.አ. በ1908 በበርክሌይ የአከርካሪ እንስሳት ሙዚየም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1939 እስኪሞትም ከዚያ አልተለየም። ሙዚየሙን በገንዘቧ ያቋቋመችው አኒ አሌክሳንደር ራሷን የቻለ ንግግር ስለሚገባት ዛሬ አልፋታለሁ።

ካሊፎርኒያ በእርሻና በከተማ መስፋፋት ስትለወጥ ግሪኔል በዓይኑ ያይ ነበር። በ1910 በጻፈው ጽሑፍም የሙዚየሙ ትልቁ ጥቅም የሚታወቀው ከብዙ ዓመታት፣ ምናልባትም ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ እንደሚሆን አመልክቷል።

ከ1914 እስከ 1920 ከባልደረቦቹ ጋር ዮሰሚቲን ከቆላው እስከ ተራራው ጫፍ ሲያስስ የተያዘውን እንስሳ ብቻ አልመዘገበም። ስንት ወጥመድ፣ የት፣ ስንት ሌሊት እንደተጠመደም ጻፈ። ለእኔ ታላቅነቱ እዚህ ላይ ነው። በሙዚየም መሳቢያ ያለ ቆዳ እንስሳው እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ እንዳልነበረ ግን ሊመሰክር አይችልም። የፍለጋው ልክ ከተጻፈ ግን አጥብቆ ፈልጎ ያጣውን፣ ጥቂት ሞክሮ ከተወው በስሌት መለየት ይቻላል።

ከ2003 ጀምሮ የሙዚየሙ ተመራማሪዎች ደብተሮቹን ይዘው ወደ እነዚያው ቦታዎች ተመለሱ። በ2008 በሳይንስ መጽሔት በወጣው ውጤት መሠረት፣ ከተጠኑት 28 ትናንሽ አጥቢዎች ግማሽ ያህሉ የመኖሪያ ወሰናቸውን በአማካይ 500 ሜትር ገደማ ሽቅብ አንስተዋል፤ ዝቅተኛው የሙቀት መጠንም 3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። የቀሩት ግን ይህን መንገድ አልተከተሉም፤ ከቦታቸው ያልተነቃነቁም አሉ። «ሙቀት ሲጨምር እንስሳ ሁሉ ሽቅብ ይወጣል» እያላችሁ ለምትጽፉልኝ ተማሪዎች ይህን አሳስባለሁ። ቀድሞውንም ከፍታ ላይ የሚኖረው፣ ጀርባው ባለ መስመር የሆነው የአልፓይን ቺፕመንክ የታችኛው ወሰኑ ሽቅብ ተገፍቷል፤ ከጫፉ በላይ ግን የሚሄድበት ምድር የለውም።

እኔም ለሁለተኛ ዲግሪዬ የደጋ አይጦችን ሳጠና ሦስት ደብተር ሞልቼ ነበር። በመመረቂያ ጽሑፌ የገባው የያዝኳቸው ዝርያዎች ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ስንት ወጥመድ ባዶውን እንዳደረ የተጻፈባቸው ደብተሮች ቢሮ ሲዛወር ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተቃጠሉ። ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ አንዲት ተማሪዬ ወደዚያው ተራራ ወጥታ ያላገኘቻቸውን ዝርያዎች ዝርዝር ይዛ መጣች። «እርስዎስ ምን ያህል ፈልገው ነው ያገኟቸው?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።