በወረቀት ላይ የሚከስር ፋብሪካ
የንግድ ሥራ የልምምድ ውድድሮች አጭር ታሪክ

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው የአበው ብሂል ሁለት አስተማሪዎችን ይጠራል፤ ምክርንና መከራን። ምክር ዋጋው ቀላል ነው፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ከጆሮ አያልፍም። መከራ ጠልቆ ይገባል፤ ነገር ግን የሚያስከፍለው ዕዳ ከባድ ነው። በኢንዱስትሪና በንግድ መስክ ባለፉት መቶ ዓመታት ከሁለቱ መካከል የሚቆም ሦስተኛ አስተማሪ ሲፈለግ ቆይቷል። ይኸውም ወጣቶች ድርጅት አቋቁመው፣ አምርተውና ሸጠው፣ ቢሳሳቱም ኪሣራው ቤታቸውን ሳያፈርስ እንዲማሩበት የሚደረገው የልምምድ ውድድር ነው። የዚህ ዘዴ ታሪክ ለመሐንዲሱም የሚነግረው ነገር አለ፤ ዘዴው ፍሬ ያፈራው ከሥራው ዓለም የመጣ ሰው ከተማሪው አጠገብ በተቀመጠበት ቦታ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ አንደኛው ምንጭ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ በተባለችው ከተማ ይገኛል። በ1919 ዓ.ም. የስትራትሞር የወረቀት ኩባንያ መሪ የነበረው ሆራስ ሞዝስ፣ የአሜሪካን የቴሌፎንና የቴሌግራፍ ኩባንያ የመራው ቴዎዶር ቬይልና የቀድሞው ሴናተር መሬይ ክሬን ተባብረው ኋላ ጁኒየር አቺቭመንት በሚል ስም የታወቀውን ማኅበር መሠረቱ። በዚያን ጊዜ የገጠሩ ወጣት እርሻውን እየተወ ወደ ከተማ ይጎርፍ ስለነበር፣ ስለ ፋብሪካ ሥራና ስለ ንግድ አስቀድሞ ዕውቀት እንዲያገኝ ማድረግ ዓላማቸው ነበር።

አሠራሩ እያደር መልክ ያዘ። ወጣቶቹ በሳምንት አንድ ምሽት እየተሰበሰቡ ትንሽ ኩባንያ ያቋቁማሉ። አነስተኛ ዋጋ ያለው አክሲዮን ለዘመድና ለጎረቤት ይሸጣሉ፤ በተሰበሰበው ገንዘብ ጥሬ ዕቃ ይገዛሉ፤ ከመካከላቸው ፕሬዚዳንት፣ ገንዘብ ያዥና የሽያጭ ኃላፊ መርጠው ዕቃ ያመርታሉ፤ ያመረቱትንም ራሳቸው ዞረው ይሸጣሉ። የትምህርቱ ዓመት ሲያልቅ ሒሳቡ ተዘግቶ ትርፍ ከተገኘ ለባለአክሲዮኖች ይከፋፈላል፤ ኩባንያውም ይፈርሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በአካባቢው ከሚገኝ ድርጅት የተላኩ ሰዎች፣ አንዱ ስለ ምርት፣ አንዱ ስለ ሽያጭ፣ አንዱ ስለ ሒሳብ እያማከሩ አብረዋቸው ያመሻሉ። የአማካሪው ግዴታ መጠየቅና ማስረዳት እንጂ በወጣቶቹ ፈንታ መወሰን አልነበረም።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ የብረታ ብረት ኩባንያ መሪ የነበረው ቻርልስ ሁክና የኮልጌት ኩባንያው ባያርድ ኮልጌት ሌሎች የኢንዱስትሪ መሪዎችን አስተባብረው እንቅስቃሴውን በመላ አሜሪካ ለማስፋፋት ተነሡ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበርና በቺካጎ የነበሩ የማኅበሩ ወጣቶች ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት 10,000 የሱሪ መስቀያ ለመሥራት ውል ተቀበሉ። እንዲህ ያለው ውል ከክፍል ውስጥ መልመጃ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ የመረከቢያ ቀን አለው፤ ጥራቱን የሚመረምር ተረካቢም አለው። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ከሐምቡርግ ተሰዶ በለንደን የኖረው የባንክ ባለሙያ ዋልተር ሰሎሞን ይህንኑ አርአያ ተከትሎ በእንግሊዝ አገር ያንግ ኢንተርፕራይዝ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ።

ሁለተኛው ምንጭ ከዚህ በጣም የራቀ ነው፤ የተነሣውም ከጦር ሜዳ ነው። በ1824 ዓ.ም. የፕሩስያ ሠራዊት ራይስቪትስ የተባለ ወጣት መኰንን ያሻሻለውን የጦርነት ጨዋታ ለመኰንኖች ማሠልጠኛ ተቀበለ። ተጫዋቾቹ በካርታ ላይ ጦራቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ የውጊያው ውጤት በዳይና በሠንጠረዥ ይሰላ ነበር። በሁለቱ ወገኖች መካከል ግን ልምድ ያለው መኰንን በዳኝነት ይቀመጣል፤ ትእዛዛቸውን ተቀብሎ ውጤቱን የሚነግራቸው እርሱ ነው። እንግዲህ ከጅምሩም ቢሆን ጨዋታው ያለ ዐዋቂ ዳኛ አልተጀመረም።

ይህን ሐሳብ ከጦር ሜዳ ወደ ፋብሪካ ካሸጋገሩት ሰዎች ቀዳሚዋ የሶቪየት ኅብረቷ ማርያ ቢርሽታይን ናት። በ1932 ዓ.ም. በሌኒንግራድ ያዘጋጀችው ጨዋታ በሊጎቮ የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ የመገጣጠም ሥራ ላይ የተመሠረተ ነበር። የፋብሪካው ሥራ መሪዎች በእውነተኛው የመገጣጠሚያ መሥመር ላይ ሊደርስ የሚችለውን ችግር በወረቀት ላይ እየተወያዩ ይፈቱት ጀመር። ይህ ሥራ በ1930ዎቹ መጨረሻ ተቋርጦ ለብዙ ዘመን ተረሳ። ቢርሽታይን ግን ዕድሜ ሰጥቷት፣ በ1970ዎቹ ዓመታት ዘዴው በአገሯ እንደገና ሲያንሠራራ ከሥራው ጋር ተገናኘች።

በአሜሪካ በኩል ዘዴው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የአሜሪካ የሥራ አመራር ማኅበር ሰዎች በ1956 ዓ.ም. የባሕር ኃይሉን የጦር ኮሌጅ ጎብኝተው የጦርነቱን ጨዋታ ተመለከቱ። መኰንን በዚህ መንገድ ከሠለጠነ ሥራ አስኪያጅስ ለምን አይሠለጥንም ብለው ስላሰቡ፣ በማግሥቱ ዓመት በ1957 አምስት ቡድኖች በአንድ ዓይነት ምርት የሚፎካከሩበትን ጨዋታ አቀረቡ። ቡድኖቹ ስለ ዋጋ፣ ስለ ምርት መጠን፣ ስለ ማስታወቂያና ስለ ምርምር ወጪ እየወሰኑ ውሳኔያቸውን ያስረክባሉ፤ አይ.ቢ.ኤም. 650 የተባለው ኮምፒዩተርም የእያንዳንዱን ትርፍና ኪሣራ አስልቶ ይመልስላቸዋል።

በዚያው ዘመን ከምሕንድስና ሙያ የመጣ አንድ ሰው ለዚህ ዘዴ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል። ጄይ ፎረስተር የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዊርልዊንድ የተባለውን ኮምፒዩተር ሥራ ከመራ በኋላ በ1956 ዓ.ም. ወደ ተቋሙ የሥራ አመራር ትምህርት ቤት ተዛወረ። ከእርሱ የምርምር ቡድን የፈለቀው «የቢራ ጨዋታ» እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። በጨዋታው ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ በተርታ ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ የሚያየው ከጎረቤቱ የሚደርሰውን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ትእዛዙም ሆነ ዕቃው ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል። የደንበኛው ፍላጎት በሳምንት ከ4 ሣጥን ወደ 8 ሣጥን አንድ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። ሆኖም ያች ትንሽ ለውጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትተላለፍ እያበጠች ትሄድና ፋብሪካው ዘንድ ስትደርስ ማዕበል ትሆናለች። መጋዘኑ መጀመሪያ ባዶ ይቀራል፤ ኋላም ይጨናነቃል። ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ይካሰሳሉ፤ ብዙዎቹም ጥፋቱ የገበያው መዋዠቅ ነው ብለው ይከራከራሉ። ትምህርቱ የሚገኘው ከዚህ በኋላ፣ ገበያው እንዳልዋዠቀ ተገልጾ በሚደረገው ውይይት ነው።

እነዚህ ሁለት ምንጮች በትምህርት ቤት ውስጥ የተገናኙት ኮምፒዩተር ርካሽ እየሆነ በመጣበት ዘመን ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት ጁኒየር አቺቭመንት ራሱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚሰጠው የኢኮኖሚክስ ትምህርት ውስጥ የኮምፒዩተር ጨዋታ አስገባ። የተማሪ ቡድኖች ስለ ዋጋ፣ ስለ ምርት፣ ስለ ሽያጭ ማስፋፊያ፣ ስለ መሣሪያ ግዢና ስለ ምርምር እየወሰኑ ይወዳደራሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። የምሽቱ ኩባንያ አንድ ዓመት ፈጅቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያተርፋል ወይም ይከስራል፤ የኮምፒዩተሩ ኩባንያ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ የብዙ ዓመት ሥራ ያሳያል፤ ጥሬ ዕቃም ሆነ የሥራ ቦታ አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ ከትርፉ ጋር አንድ ጉዳት አብሮ ገባ። ይህንንም ጨዋታውን የሚያካሂዱ መምህራን ሁሉ ያውቁታል። ውድድሩ በየትኛው ዙር እንደሚያበቃ የተረዳ ቡድን በመጨረሻው ዙር ለምርምር መመደቡን ያቆማል፤ አዲስ መሣሪያ አይገዛም፤ በመጋዘን ያለውን ዕቃ ሁሉ አራግፎ ይሸጣል። ነጥቡም ከፍ ይልለታል። ሽልማቱን የሚወስደው እንግዲህ በማግሥቱ ሥራ ሊቀጥል የማይችል ፋብሪካ ነው። የመሣሪያ ጥገና ተዘንግቶ የዓመቱ ትርፍ ያማረለትን ፋብሪካ ያየ መሐንዲስ ይህን ሥዕል ለመለየት አይቸገርም።

የቀድሞው የምሽት ኩባንያም በዓመቱ መጨረሻ ይፈርስ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ሲፈርስ ባለአክሲዮኑ ጎረቤት ሒሳቡን ይጠይቃል፤ ዕቃው ከተሰበረበትም ገዢው በር ያንኳኳል፤ ከጎንም «ለመሆኑ ይህ ማሽን በሚቀጥለው ዓመት ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ የፋብሪካ ሰው ይቀመጣል። ኮምፒዩተሩ ሒሳቡን በሚገባ ያሰላል፤ ይህን ጥያቄ ግን አይጠይቅም። በራይስቪትስ ካርታ አጠገብ የተቀመጠው ዳኛ፣ በቢርሽታይን ጨዋታ የተካፈሉትም የፋብሪካው ሰዎች እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመድፈን የሚረዱ ናቸው።

በአገራችንም የቴክኒክና ሙያ እንዲሁም የምሕንድስና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካና ወደ ሥራ ቦታ ይላካሉ። የልምምድ ውድድር ይህን የሚተካ ሳይሆን ከእርሱ በፊት የሚያዘጋጅ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ውድ መሣሪያ አያሻም። የቢራው ጨዋታ እንኳ በጠረጴዛ፣ በወረቀትና በጠጠር የሚሠራ ነው። አሠሪ ድርጅቶች ዋንጫ ከመስጠት አልፈው አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ በሳምንት ለአንድ ምሽት ቢለግሱ፣ ውድድሩ በነጥብ ሰሌዳ ላይ አያበቃም። ከአሸናፊው ቡድን ጋር ፎቶግራፍ መነሣት ቀላል ነው፤ የባለሙያው ትክክለኛ ቦታ ግን ከተሸናፊው ቡድን ጋር ቁጭ ብሎ መጋዘኑ በየትኛው ሳምንት፣ በማን ውሳኔ ባዶ እንደቀረ አብሮ መመርመር ነው።