የትናንቱን መቺ በየትኛው ቁና እንሰፍራለን?

(ስለ ክሪኬት ጨዋታ ታሪክ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ከማይሞቱት ክርክሮች አንዱ፣ «የቀድሞው ጀግና ይበልጣል ወይስ የዛሬው?» የሚለው ነው። ስለ ጦር መሪም ቢሆን፣ ስለ ሐኪምም ቢሆን፣ ስለ አዝማሪም ቢሆን ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ሽማግሌው የወጣትነቱን ዘመን ሰው ሲያመሰግን፣ ወጣቱ ደግሞ በዓይኑ ያየውን ያስቀድማል። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣውም ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት መስፈሪያ ስለማይዙ ነው።

በዛሬው ንግግራችን ይህንን ጥያቄ በአንድ ጨዋታ ታሪክ ልንመረምረው አስበናል። ጨዋታውም እንግሊዞች ጀምረውት ወደ አውስትራልያ፣ ወደ ሕንድና ወደ ምዕራብ ሕንድ ደሴቶች የተስፋፋው ክሪኬት ነው። እርሱን የመረጥንበት ምክንያት በአገራችን የተለመደ ስለሆነ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ተጫዋች ሥራ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በመዝገብ ሲጻፍ የኖረበት በመሆኑ፣ ሰውንና ቁጥርን አስተያይቶ ለመፍረድ ጥሩ ትምህርት ቤት ስለሆነ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጨዋታውን ላላዩት አድማጮች ባጭሩ እንግለጽ። በሜዳው መካከል ሳሩ ተላጭቶ የተደለደለ ጠባብ ጥርጊያ አለ። በጥርጊያው ጫፍና ጫፍ ሦስት ሦስት አጫጭር እንጨቶች ተተክለዋል። ወርዋሪው ጠንካራውን ኳስ ከወዲያኛው ጫፍ ወርውሮ የተተከሉትን እንጨቶች ለመምታት ይሞክራል፤ መቺው ደግሞ በእጁ በያዘው መምቻ እንጨቶቹን እየተከላከለ ኳሱን አርቆ ይመታል፤ ኳሱ እስኪመለስም ድረስ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጠ ነጥብ ያገኛል። እንጨቶቹ ከተመቱ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ ከጨዋታው ይወጣል። አንድ መቺ በዕድሜው ያገኘው ነጥብ ከጨዋታ በወጣበት ጊዜ ብዛት ሲካፈል አማካይ ቁጥሩ ይባላል። ሊቃውንቱ ሁሉ የሚከራከሩበት ቁጥር ይህ ነው።

እንግዲህ የመምታት ጥበብ ከየት ተነሣ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ከወርዋሪው ነው የሚል ይሆናል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወርዋሪው ኳሱን መሬት ለመሬት ያንከባልለው ስለነበር፣ የመቺው እንጨት ጫፉ የቆለመመ፣ የእኛን የገና መጫወቻ ዱላ የሚመስል ነበር። ተንከባላይ ኳስን ለመጥለፍ ከዚያ የተሻለ መሣሪያ አልነበረም። ኋላ ግን ወርዋሪዎች ኳሱን በአየር ልከው መሬት አስነክተው ማንጠር ሲጀምሩ ቆልማማው ዱላ አልሠራ አለ፤ ስለዚህ ቀጥ ያለና ገጹ ጠፍጣፋ የሆነ መምቻ ተተካ። ከመሣሪያው ጋርም አቋቋሙ፣ የእጁ አያያዝና የእግሩ አረማመድ ተለወጠ።

በ1771 ዋይት የሚባል አንድ ተጫዋች የተተከሉትን እንጨቶች በሙሉ የሚጋርድ ሰፊ መምቻ ይዞ ሜዳ ገባ። እንጨቶቹን የሚከልል መምቻ ከተፈቀደ ወርዋሪው ምን ተስፋ አለው? ስለዚህ የመምቻው ስፋት ከአራት ኢንች ከሩብ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ይህም ልክ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶም በ2017 የመምቻው ጠርዝ ከ40 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱም ከ67 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ አዲስ ሕግ ወጣ። እንደምናየው መቺው መሣሪያውን ባበረታ ቁጥር ሕጉ ይገታዋል፤ ወርዋሪው አዲስ ዘዴ ባመጣ ቁጥር ደግሞ መቺው መልስ ይፈልጋል። የጨዋታው ታሪክ በሙሉ የእነዚህ የሁለቱ ፉክክር ነው።

በ1864 ወርዋሪው ክንዱን ከትከሻው በላይ አንሥቶ እንዲወረውር ሲፈቀድለት ለመቺው ክፉ ዘመን መጣ። ጥርጊያው ያን ጊዜ እንደዛሬው አልተደለደለም፤ ኳሱ ከጠጠርና ከጉብታ ላይ እየነጠረ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይዘል ነበር። በ1870 በለንደን ከተማ ሎርድስ በሚባለው ስመ ጥር ሜዳ ጆርጅ ሳመርስ የተባለው መቺ ራሱን በኳስ ተመትቶ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። በዚያን ጊዜ ራስን የሚከልል ቁር አልነበረም።

ታላቁ ዊልያም ጊልበርት ግሬስ የተነሣው በዚህ ዘመን ነው። ግሬስ በ1848 የተወለደ፣ በሙያው ሐኪም የሆነ፣ ጢሙ ደረቱን የሚሸፍን ግዙፍ ሰው ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት መቺዎች በአብዛኛው አንዳንድ ስልት ብቻ ይዘው፣ አንዱ ወደ ፊት እየተራመደ፣ ሌላው ወደ ኋላ እየሸሸ ይመታ ነበር። ግሬስ ግን የኳሱን አወዳደቅ አይቶ፣ ለቅርቡ ወደ ፊት፣ ለአጭሩ ወደ ኋላ እያለ ሁለቱን ስልቶች በአንድ ሰው አዋሐዳቸው። ከሕንድ መሳፍንት ወገን የሆነውና ራሱም ታላቅ መቺ የነበረው ራንጂትሲንጂ፣ በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ የዘመናዊ መምታት መሥራች ግሬስ መሆኑን መስክሮለታል።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት። ግሬስ በአገሮች መካከል በሚደረገውና ቴስት በሚባለው ግጥሚያ ያገኘው አማካይ 32.29 ብቻ ነው። የዛሬ ወጣት ይህን ቁጥር አይቶ «መካከለኛ ተጫዋች ነበር» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን መዝገቡን ገልጦ የ1871ን ዓመት ቢመለከት ሌላ ነገር ያገኛል። በዚያ ዓመት ግሬስ 2,739 ነጥብ አግኝቶ አማካዩ 78.25 ሲሆን፣ ከእርሱ የሚቀጥለው መቺ የግማሹን ያህል ቢደርስ ነው። በዓመቱ ከፍተኛ በሆኑት የእንግሊዝ ግጥሚያዎች መቶ ነጥብ የተመታው 17 ጊዜ ሲሆን አሥሩን የመታው እርሱ ነበር። ቴስት በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በ1880 ሲደረግ ግሬስ 32 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የጉልምስናው ምርጥ ዘመን በዚያ መዝገብ ውስጥ አልገባም። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን ግን አልመለሰም።

ከግሬስ በኋላ ራንጂትሲንጂ ወደ እግሩ የሚመጣውን ኳስ በእጁ አንጓ ብቻ ጠቀስ አድርጎ ወደ ኋላ የማሳለፍን ስልት አሳየ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቦሳንኬት የሚባል እንግሊዛዊ ወርዋሪ፣ ወደ አንድ በኩል ይዞራል ሲሉት ወደ ሌላው በኩል የሚዞር አታላይ ኳስ አመጣ። ለዚህ መልስ ካገኙት አንዱ ጃክ ሆብስ ነው። ሆብስ ኳሱን እስከ መጨረሻው ዘግይቶ እየጠበቀ፣ በረጋ እግር መምታትን አስተማረ። በነሐሴ 1926 በለንደን ኦቫል ሜዳ፣ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ጥርጊያውን አጨቅይቶት ሳለ፣ ከባልደረባው ከሰትክሊፍ ጋር 172 ነጥብ አቁሞ ሆብስ 100፣ ሰትክሊፍ 161 አገኙ። በእንዲህ ያለው ቀን የተገኘ አንድ መቶ በደረቅ ሜዳ ከሚገኝ ሁለት መቶ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

አሁን ወደ አከራካሪው ሰው ወደ ዶናልድ ብራድማን ደረስን። ብራድማን በ1908 በአውስትራልያ ተወልዶ ቦውራል በምትባል ትንሽ ከተማ ያደገ ነው። በልጅነቱ ከቤቱ ጓሮ የጎልፍ ኳስ በውሃ ማጠራቀሚያው የጡብ መቆሚያ ላይ እየወረወረ፣ ነጥሮ ሲመለስ በቀጭን ዘንግ ይመታ ነበር። ትንሽ ኳስ በቀጭን ዘንግ መምታት የለመደ ዓይንና እጅ፣ ትልቁን ኳስ በሰፊው መምቻ መምታት ምን ይከብደዋል? አሠልጣኞች መምቻው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ እንዲነሣ ሲያስተምሩ፣ እርሱ ግን ወደ ጎን አዘንብሎ ያነሣ ነበር። የመጻሕፍቱን ሥርዓት ያልጠበቀው ይህ ሰው ከሁሉ በለጠ።

የብራድማን አማካይ 99.94 ነው። በ1948 በመጨረሻው ግጥሚያው ወደ ሜዳ ሲገባ፣ አራት ነጥብ ብቻ ቢያገኝ አማካዩ ልክ 100 ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ሆሊስ የተባለው ወርዋሪ ያለ አንዳች ነጥብ አስወጣው። 6,996 ነጥብ ለ70 ተካፍሎ ይህ ቁጥር ቀረ።

ብራድማንን ከሌሎች ታላላቆች ጋር ስናስተያየው ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ከ1908 እስከ 1930 የተጫወተው የሆብስ አማካይ 56.94 ነው። ከ1937 እስከ 1955 የተጫወተው የሌን ሀተን 56.67 ነው። ከ1954 እስከ 1974 የተጫወተው የባርቤዶሱ ጋርፊልድ ሶበርስ 57.78 ነው። ከ1989 እስከ 2013 ለሕንድ 200 ቴስት የተጫወተው የሳቺን ቴንዱልካር 53.78 ነው። በእነዚህ መቶ ዓመታት ጥርጊያው ከዝናብ ተከለለ፤ የራስ ቁር መጣ፤ የቴንዱልካር መምቻ ከሦስት ፓውንድ ሲበልጥ የብራድማን መምቻ ከሁለት ፓውንድ ብዙም አያልፍም ነበር። ይህ ሁሉ ሲለወጥ የምርጦቹ አማካይ ግን ከነበረበት ብዙ አልተንቀሳቀሰም። ምክንያቱ መቺው ብቻውን አለማደጉ ነው፤ ወርዋሪውም በፍጥነት፣ በማታለልና የመቺውን ድክመት በፊልም በማጥናት አብሮት አድጓል። እንግዲህ አማካይ ቁጥር የሚነግረን የሰውየውን ፍጹም ኃይል አይደለም፤ በዘመኑ ከነበሩት ተቃዋሚዎቹ ምን ያህል እንደበለጠ ነው።

በዚህ ቁና ሲሰፈር ብራድማን ብቻውን ይቆማል፤ ምክንያቱም በእርሱ ዘመን የነበሩት ታላላቆች ሐመንድ በ58.45፣ ሄድሊም በ60.83 ላይ ናቸው። ሜዳው፣ ኳሱና ሕጉ ግን ለሦስቱም አንድ ነበር። ሆኖም ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ሌላውንም ገጽ እንግለጥ። ከ1932 እስከ 1933 እንግሊዞች በፈጣኑ ላርውድ አማካይነት ኳሱን ወደ መቺው ገላ እየላኩ ባጠቁት ጊዜ፣ አማካዩ ወደ 56.57 ወርዷል፤ በጨቀየ ጥርጊያ ላይም እንደ ሆብስ አልተሳካለትም። ጠላቶቹ ትልቅ ድል አገኘን ያሉበት ቁጥር ግን የሌሎቹ ታላላቆች የዕድሜ ልክ ክብር የሆነው ቁጥር መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለ ቴንዱልካርም እንዲሁ ሳንፈርድ አንለፈው። በጥር 2004 በሲድኒ ከተማ በተደረገው ግጥሚያ፣ ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ያስወጣውን አንዱን ውብ አመታት ጨርሶ ትቶ፣ ከጎን የሚያልፉትን ኳሶች እየለቀቀ 241 ነጥብ ሳይወጣ አገኘ። የሚያምርበትን ነገር ስለ ጉዳዩ ብሎ መተው የቻለ ሰው ጥበብ ከማንኛውም ዘመን ጥበብ አያንስም። ብራድማንም በእርጅናው ዘመን ይህን ወጣት በቴሌቪዥን አይቶ የራሱን አጨዋወት እንዳስታወሰው ተናግሯል። ሽማግሌውና ወጣቱ በማይስማሙበት ክርክር ውስጥ፣ ከሽማግሌዎቹ የበለጠው ወጣቱን አውቆ መሰከረለት ማለት ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ ምን እናገኛለን? ያለፈውን ሰው ሥራ ከመመዘናችን በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ እንዳለብን እናገኛለን። በየትኛው መሬት ላይ ቆመ? በእጁ ምን መሣሪያ ነበር? የገጠመው ማን ነበር? ከእነዚህ በኋላ ከዛሬው ሰው ጋር ሳይሆን አስቀድሞ ከእኩዮቹ ጋር እናስተያየዋለን።

ይህ ለስፖርት ወዳጅ ብቻ የሚጠቅም ምክር አይደለም። በመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚያገላብጥ ሁሉ ከእርሱ በፊት በዚያው ወንበር የተቀመጡትን ሰዎች ሥራ ያነባል። አሥር ገጽ በእጁ የገለበጠው ጸሐፊ፣ ዛሬ በመኪና መቶ ገጽ ከሚያወጣው አንሶ ይታየን ይሆናል። መብራቱን፣ መንገዱንና የረዳቶቹን ቁጥር ሳንጠይቅ ሰነፍ ነበር ብንል በሟቹ ላይ እንፈርዳለን፤ አልፎም ለሥራው ማነስ እውነተኛው ምክንያት ምን እንደነበረ ሳናውቅ እንቀራለን፤ ያንኑ ጉድለት በራሳችን ዘመን ለማረም ዕድሉ ያመልጠናል። በአንጻሩም የቀድሞውን ሁሉ ከዛሬው ይበልጣል እያልን ያለ ምርመራ ብናወድስ፣ በመካከላችን ሆኖ የሚደክመውን ሰው ዋጋ እናሳጣዋለን።

አባቶቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብለዋል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት በእጃቸው ከእኛ የተሻለ መሣሪያ፣ ከእግራቸው በታችም የተሻለ ጥርጊያ ይኖራቸው ይሆናል። መዝገባችንን በሚገልጡበት ቀን የቆምንበትን መሬት እንዲጠይቁልን የምንሻ ከሆነ፣ እኛም ዛሬ ለቀደሙን ይህንኑ እንጠይቅላቸው።