የእረኛው ቃልና የካሜራው ዐይን

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው፡፡ ከባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝና የብሂሉን እውነት በየቀኑ አየዋለሁ፡፡ ገበሬው ስሙን፣ ትውልዱንና ቀዬውን ጠንቅቆ ቢናገርም፣ ፊርማው ወይም የአውራ ጣቱ አሻራ ወረቀቱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ቃሉ ብቻውን ገንዘብ አያወጣለትም፡፡ የሀገራችን የዱር አራዊት ታሪክም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፡፡

በሰሜን ሸዋ፣ በእንሳሮ ወረዳ የምትገኘው ለሚ፣ ከደጋው ጠርዝ ላይ ሆና የጀማን ሸለቆ ቁልቁል ትመለከታለች፡፡ በዚህ ሸለቆ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ምድር የማይገኝ አንድ የቆቅ ዝርያ ይኖራል፡፡ የቆላው እረኛ ድምፁን እየሰማ ያደገበትን ይህን ወፍ የሳይንስ መዝገብ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፡፡ ዌልድ ብላንዴልና ሎርድ ሎቫት የተባሉ ብሪታንያውያን መዘገቡትና «የሃርዉድ ቆቅ» ተባለ፡፡ በዚያ ዘመን ወደ መዝገቡ የሚያስገባው ዋናው በር ጠመንጃ ነበር፡፡ ፍጥረቱ መኖሩ የሚታመነው ተገድሎ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ከሙዚየም መሳቢያ ሲደርስ ነው፡፡

በዚያው ዘመን ግን ጆርጅ ሺራስ የተባለ አሜሪካዊ ሌላ በር ይከፍት ነበር፡፡ በአውሬ መተላለፊያ ላይ ክር ዘረጋ፤ አውሬው ክሩን ሲነካ ብልጭታው ይበራል፣ ካሜራውም ያነሳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74 ፎቶግራፎቹን አሳተመለት፡፡ ዛሬ ክሩ ቀርቷል፡፡ ከዛፍ ግንድ ላይ የታሰረው ካሜራ የሚያልፈውን ገላ ሙቀትና እንቅስቃሴ ለይቶ ራሱ ይነቃል፤ በጨለማም ለሰው ዐይን እምብዛም በማይታይ ብርሃን ያነሳል፡፡

ይህ መሣሪያ በክልላችን የሰጠውን ታላቅ ምስክርነት ላስታውስ፡፡ በሱዳን ድንበር፣ በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች አንበሳ እንዳለ ይናገሩ ነበር፡፡ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ሃንስ ባወር የተባሉት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የመሩት፣ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የደገፈው ቡድን የአንበሶችን ዱካ ማግኘቱንና በካሜራ ማንሳቱን ይፋ አደረገ፡፡ በአልጣሽና በአዋሳኙ የሱዳን ዲንደር ፓርክ በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉም ገመተ፡፡ ዜናው «አንበሶች ተገኙ» እያለ ዓለምን ዞረ፡፡

አንባቢ ሆይ፣ ከማን ጠፍተው ነው የተገኙት? ነገሥታቷ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ሲባሉባት የኖረች ሀገር ናት፡፡ በየቀኑ በእጄ በሚያልፉት ሳንቲሞች ላይም የአንበሳ ራስ ተቀርጿል፡፡ ምልክቱን እንዲህ አክብረን ስንይዝ፣ ሕያው አንበሳ በደጁ ሲያልፍ ያየው ሰው ግን ለቃሉ ማኅተም የሚሆን ፎቶግራፍ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት፡፡

ይህን የማነሳው ለወቀሳ ብቻ አይደለም፤ የጀማም ተራ እየደረሰ ነውና፡፡ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል፡፡ ለአካባቢው ወጣት ሥራ፣ ለሀገር ሲሚንቶ ያስፈልጋልና መልካም ነው፡፡ ነገር ግን መንገድና መብራት በመጣ ቁጥር የአውሬ መተላለፊያ ይለወጣል፡፡ ጭላዳው በቀን በሣር ላይ የሚውል ነውና ለማየት መሣሪያ አይሻም፤ ጅቡ፣ ጃርቱ፣ ጥርኙ ግን የሌሊት ናቸው፡፡ ዛሬ ማን በየት እንደሚያልፍ ካልተመዘገበ፣ ነገ ምን እንደጠፋብን እንኳ መናገር አንችልም፡፡

በእርግጥ መዝገብም አደጋ አለው፡፡ የቦታውን ስም ይዞ የወጣ ፎቶግራፍ ለአዳኝም መንገድ ይመራል፤ በጫካ የተተከለ ካሜራ ደግሞ እንጨት ለቀማ የወረደችውንም እናት ሳትፈቅድ ያነሳል፡፡ ስለዚህ ካሜራው ከመታሰሩ በፊት ከአገሬው ጋር መመካከር ይገባል፡፡ የትኛው ዋሻ፣ የትኛው ምንጭ፣ የትኛው ዱካ የማን እንደሆነ የሚያውቀው እርሱ ነው፡፡

የ1899ኙ ቆቅ የእንግዳ ስም ይዞ ቀርቷል፤ በሸለቆው ወፉን ቀድሞ ያወቀው እረኛ ግን ስም የለውም፡፡ ከጀማ ሌሊት አንድ ቀን ፎቶግራፍ ሲወጣ፣ ከግርጌው የካሜራው ዓይነትና ሰዓቱ ይጻፍ፤ ከዚያም በላይ፣ እርሱ እሺ ካለ፣ «እዚህ ያልፋል» ብሎ ቦታውን ያሳየው ሰው ስም ይጻፍ፡፡