ጓንቱ ያነጣው እጅ

በአሜሪካ አገር በአንድ የቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች እጃቸውና ክንዳቸው ነጭ በነጭ እየሆነ አስቸገራቸው። ሐኪሞች መርምረው፥ ጥፋቱ የላስቲክ ጓንቱ ቶሎ እንዳያረጅ ከተጨመረበት ቅመም መሆኑን በ1939 እ.ኤ.አ. ጽፈው ገለጡ። ለሠራተኛው ደዌ የነበረው ይህ ቅመምና ዘመዱ ሃይድሮኪኖን ውለው አድረው በቅባት እየገቡ፥ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የውበት መድኃኒት ተብለው ተሸጡ።

አንባቢ ሆይ፥ በገዙት ሰዎች ለመሳቅ አትቸኩል። መንግሥት ሰውን በመልኩ እየለየ ሥራና መኖሪያ በሚደለድልበት አገር፥ ፊቱን ጥቂት ለማፍካት የተመኘውን ሰው ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ቅባቱ ግን ከዓመታት በኋላ ፊቱን መልሶ አጠቆረው፥ አሻከረውም። ሐኪሞች ይህን በ1975 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። ሕጉ ጨርሶ የከለከለው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ በመካከሉ ባለው 15 ዓመት ነጋዴው መሸጡን አልተወም።