ኮርማን የከሰረበት ፊልም

ሮጀር ኮርማን እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ከርእሱ ጀምሮ ፉከራ ነው፤ በሆሊውድ መቶ ፊልም ሠርቼ አንድም ሳንቲም አልከሰርኩም ይላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፉከራው ግን ሙሉ እውነት አይደለም። አንድ ፊልም አክስሮታል። እኔም ሰውዬውን ማክበር የጀመርኩት በዚያ ፊልም ምክንያት ነው።

ልጆች ሳለን በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ጭራቅና ግድያ የሞላባቸው ርካሽ ፊልሞች እናይ ነበር። ማን ሠራቸው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሠራተኞቹ ስም ገና መውጣት ሲጀምር ካሴቱ ይነሳል። ኮርማን የዚህ ዓይነቱ ፊልም አባት ነው።

በ1926 ዲትሮይት ተወልዶ በስታንፎርድ የኢንዱስትሪ ምሕንድስና ተማረ። ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ ውስጥ ስክሪፕት አንባቢ ሆኖ ሲሠራ «ዘ ጋንፋይተር» ለተባለው ፊልም ሐሳብ ሰጠ፤ ምስጋናው ግን ለሌላ ሰው ሆነ። ለቆ ወጣ። በ1954 ለሕዝብ ያቀረበው የባሕር ጭራቅ ፊልም ወደ 12 ሺህ ዶላር እንደፈጀ ይነገራል። ቀጣዩን ፊልም ይዞ ወደ አከፋፋዮች ሲሄድ ግን ብልሃቱ ታየ፦ ለሚቀጥሉት ፊልሞች ቅድሚያ ገንዘብ ካልሰጣችሁኝ አልሸጥም አለ። ትርፍ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ፕሮዲዩሰር በዓመት አንድ ፊልም ቢሠራ ነው፤ ኮርማን ግን አንዱ ገና ሲኒማ ቤት ሳይደርስ ሌላውን ይቀርጻል። በ1960 የወጣውን «ዘ ሊትል ሾፕ ኦቭ ሆረርስ» ለሌላ ፊልም በተሠራ ቤት ውስጥ፣ ዋናውን ቀረጻ በሁለት ቀን ጨረሰው።

በ1961 ክረምት ግን ሌላ ነገር አማረው። ጥቁር ተማሪዎች ወደ ነጮች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ፍርድ ቤት የወሰነበት ዘመን ነበርና፣ ነጮችን ለማነሳሳት ወደ አንዲት የደቡብ ከተማ የሚመጣ ዘረኛን ታሪክ ሊሠራ ተነሳ። «ዘ ኢንትሩደር» ይባላል፤ ሰርጎ ገቡ እንደማለት ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ጠፋ። ከወንድሙ ከጂን ጋር ከኪሳቸው አወጡ። ወደ ሚዙሪ ወርደው ሲቀርጹም ለከተማው ሰዎች የታሪኩን ሙሉ ይዘት አልነገሯቸውም፤ ወሬው ሲወጣ ዛቻው በዛ፤ ከአንዱ ቦታም ተባረሩ። በ1962 ለዕይታ በቃ። ተቺዎች አመሰገኑት፣ ተመልካች ግን አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ኮርማን ቁም ነገሩን በግላጭ አላቀረበም። ላይ ላዩን መኪናና ደም፣ መልእክቱን ከሥር። ብልህነት ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን የተቃጠለ ሰው ጥንቃቄ ይመስለኛል።

ኮፖላ፣ ስኮርሴዚ፣ ጄምስ ካሜሮን በወጣትነታቸው በእሱ ሥር አልፈዋል። ትምህርት ቤት ነበር ይባላል፤ ተማሪው በትንሽ ክፍያ ብዙ የሚሠራበት ትምህርት ቤት መሆኑ ግን አይረሳ። (በጽሑፍ ብዛት ለምኖር ለእኔ ቢጤ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም።) በ1970 ባቋቋመው ኒው ወርልድ ፒክቸርስ ደግሞ የቤርግማንንና የፌሊኒን ፊልሞች ለአሜሪካ ተመልካች አከፋፈለ። የክብር ኦስካር በ2009 ተሰጠው፤ በግንቦት 2024 በ98 ዓመቱ አረፈ።

«ዘ ኢንትሩደር»ን ያየሁት በቅርቡ ነው፣ ያውም በስልክ። ዋናውን ሚና የሚጫወተው ወጣቱ ዊልያም ሻትነር አደባባይ ቆሞ ሕዝቡን ይሰብካል። ፊት ለፊቱ የቆሙት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። እኔ ሻትነርን ትቼ እነሱን ነበር የማየው፤ ፊታቸው የተዋናይ ፊት አይደለም።